ሪሞቱ የሚፈለገው መቼ ነው?

ቤተሰብ ተሰብስቦ ቴሌቪዥን በሚያይበት ቤት ሁሉ፣ ማንም ቁጭ ብሎ ያላወጣው፣ ነገር ግን ሁሉም የሚያከብረው አንድ ሕግ አለ። ሰው በጥይት ተመትቶ ሲወድቅ፣ በጩቤ ሲወጋ፣ ታስሮ ሲገረፍ ሪሞቱ ከተቀመጠበት አይነሣም፤ ሁለት ሰዎች ለመሳሳም ሲጠጋጉ ግን የሶፋው ትራስ ሁሉ እየተገለበጠ ሪሞቱ ይፈለጋል። የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በሚጀምርበት በቱሉ ዲምቱ፣ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ የጎረቤትን ድምፅ ስለማይከለክል፣ ማታ ማታ የላዩም የጎኑም ቤት ቴሌቪዥን እኔ ቤት ይሰማል። የፍቅር ሙዚቃው ቀስ ብሎ ጀምሮ በድንገት ጸጥ ሲል ምን ዓይነት ትዕይንት እንደደረሰ ሳላይ አውቃለሁ። ተኩሱና ጩኸቱ ግን እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ በዚያ ጊዜ ቻናል የሚቀይር ጎረቤት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይህን የምጽፈው መሳሳም በየሳሎኑ ይታይ ለማለት አይደለም። ነውር የሚባል ነገር ባለበት ኅብረተሰብ ውስጥ በማደጌ ደስ ይለኛል፤ ሰው ሁሉ ጓዳውን አደባባይ ቢያወጣ የምናተርፈው ነገር አይታየኝም። የሚያሳስበኝ ነውራችን ግማሽ መሆኑ ነው። የሰው ገላ በፍቅር ሲዳሰስ ማየት የሚያሳፍረን ሰዎች፣ ያው ገላ ሲቀጠቀጥ ማየት ለምን አላሳፈረንም?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል፣ ፈንድሻው በሰፌድ መሐል ቤት ተቀምጧል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ተከታታይ ድራማ ይታያል። ከብዙ ክፍል በኋላ የተገናኙት ፍቅረኞች ፊት ለፊት ሲቆሙ፣ የቤቱ አያት እማማ «ኧረ በማርያም ቀይሩት፣ ልጆች አሉ እኮ!» አሉና ትንሹ የልጅ ልጃቸው ተሽቀዳድሞ ቀየረው። የመጣው ቻናል ላይ አንድ ሰው ወንበር ላይ ታስሮ ጣቶቹ በመዶሻ እየተመቱ ይጮኻል። ማንም ምንም አላለም፤ ቡና የምትቀዳውም ሲኒዎቹን መሙላቷን ቀጠለች፣ ልጁም ፈንድሻውን እየዘገነ ማየቱን ቀጠለ። የ13 ዓመት እኅቱ ግን ወደ አያቷ ዞራ፣ «እማማ፣ ይኼኛውስ ለምን አይቀየርም?» ብላ ጠየቀች። እማማም ሳይቆጡ፣ በረጋ ድምፅ፣ «ይኼማ ፊልም ነው ልጄ፣ ውሸት ነው» ብለው መለሱላት።

የእማማን መልስ ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ በቀላሉ የሚጣል መልስ አይደለም። በፊልም ውስጥ የሚሞተው ሰው አይሞትም፤ ካሜራው ሲጠፋ ልብሱን አራግፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ደሙም ቀለም ነው። የሚሳሳሙት ተዋንያን ግን በእርግጥ ተሳስመዋል። ለእማማ አንደኛው ማስመሰል ነው፣ ሁለተኛው ግን ያልጠሩን ሰዎች ጓዳ ገብቶ መቆም ነው። ይህ ክብር ያለው ሐሳብ ነው። የሚሠራው ግን በስክሪን ላይ የምናየው ጭካኔ ሁሉ ማስመሰል ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው፤ ያ ጊዜ ደግሞ አልፏል።

በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፣ ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ወገኖቻችንን በሊቢያ ሲገድል የቀረጸውን ቪዲዮ ባሰራጨ ጊዜ፣ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት ይዞር እንደነበር የምናስታውስ ብዙዎች ነን። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር፣ እንባውም እንደዚያው፤ ይሁን እንጂ ልጆች ከጎናችን ተቀምጠው ነበር፣ «ቀይሩት፣ ልጆች አሉ» ያለ ሰው ግን ብዙ አልነበረም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የሀገራችን ክፍል ጦርነት በነበረበት ጊዜም በቴሌግራምና በፌስቡክ የአስከሬን ፎቶ፣ የሚደበደብ ሰው ቪዲዮ በየቀኑ ይመጣ ነበር። እንዲህ ያለውን ቪዲዮ ለታዳጊ ልጁ ያሳየ አባት አውቃለሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጁ የሆነውን ነገር ማወቅ አለበት ብሎ ያምናል። ያው አባት በልጁ ስልክ ላይ ከክፍል ጓደኛው የተላከለት የፍቅር መልእክት ያገኘ ዕለት ግን ስልኩን ነጥቆ ለብዙ ቀናት ሊያናግረው አልፈቀደም። ልጁ ከአባቱ የተማረውን መገመት አያቅትም፦ ሰው ሲገደል ማየት ማወቅ ነው፣ ሰው መውደድ ግን ጥፋት ነው።

ይህ ሚዛን ከየት እንደመጣ ስንጠየቅ የውጭ ፊልም ላይ ማላከክ ይቀናናል። ወደ ራሳችን ብንመለከት ግን ቀረርቶና ፉከራው አለ። በሠርግ ላይ ጎልማሳው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ «ዘራፍ!» ብሎ ሲነሣ፣ የጣለውንና የማረከውን ሲቆጥር፣ እናቶች እልል ይላሉ፣ ሕፃናት ያጨበጭባሉ። ገዳይ መባል በዘፈናችን ውስጥ የምስጋና ስም ሆኖ ኖሯል። ፍቅርና ገላን የሚመለከተው ዜማ ግን አዝማሪው በሰምና ወርቅ ጠቅልሎ የሚያቀርበው ነው፤ ወርቁ የገባው አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል፣ ያልገባው ልጅ በሰሙ ይሸኛል። መግደል በግልጽ ይዘፈናል፣ መውደድ በሽፋን። በዚህ ውስጥ የሚደነቅ ጥበብ አለ፤ የአዝማሪን ቅኔ የሚያህል ለልጅ ጆሮ የተጠነቀቀ የፍቅር ንግግር አላውቅም። ለግድያ ግን እንዲህ ያለ መጋረጃ አልሠራንም።

አንድ ሰው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሰማዕታት ስቃይ ተሥሎ አይደለም ወይ፣ ልጅ ሆነን ስናየው አድገን የለም ወይ ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ አንገታቸው የሚቀላ፣ በእሳት የሚቃጠሉ ቅዱሳንን እያየን አድገናል። ልዩነቱ ሥዕሉ ተመልካቹን የሚያቆመው ከማን ጎን ነው በሚለው ላይ ነው። የገድል ሥዕል ከሚሠቃየው ጎን ያቆመናል፣ እንድናዝንለት፣ ስሙን እንድንጠራ ያደርገናል። የዛሬው አክሽን ፊልም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመቺው ጎን ነው የሚያቆመን። በሠፈር ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያደጉ ሁሉ እንደሚያውቁት አክተሩ አይሞትም፤ እሱ በሄደበት የሚወድቁት ሰዎች ደግሞ ስም የላቸውም፣ እናት የላቸውም፣ የሚያለቅስላቸውም የለም። ልጁን የሚጎዳው የደሙ መብዛት ሳይሆን ይህ ሐዘን አልባነት ይመስለኛል።

ከዚሁ ከቤተ ክርስቲያን ሳልወጣ ሌላም ነገር ልጨምር። በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ በሚያነበው በዳዊት መጽሐፍ ውስጥ፣ ከመዝሙራቱና ከነቢያት ጸሎት ቀጥሎ፣ ከውዳሴ ማርያም በፊት መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን አለ። የመጀመሪያው ልመናው መሳምን የሚለምን ነው። መምህራኑ ምሥጢሩን ስለ ክርስቶስና ስለ ቤተ ክርስቲያን ብለው ይተረጉሙታል፤ እኔ ከትርጓሜው ጋር ክርክር የለኝም። አባቶቻችን ግን የሙሽራንና የሙሽሪትን ናፍቆት ርኩስ ነው ብለው ከጸሎት መጽሐፋቸው አላወጡትም፣ የቅዱስ ነገር ምሳሌ ለመሆን የሚበቃ አድርገው በክብር አስቀመጡት እንጂ። ስለ ፍቅር የምንናገርበት የተከበረ ቋንቋ የለንም የሚሉኝን ሰዎች ወደዚያ መጽሐፍ እመራቸዋለሁ።

ይህ ሚዛን የእኛ ብቻም አይደለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1930 ባወጡትና ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ባስፈጸሙት የሆሊውድ ደንብ የወንጀል ጭካኔንም የገላ ነገርንም በአንድነት ገድበው ነበር። በ1968 ደንቡ ቀርቶ ፊልሞችን በዕድሜ መመደብ ሲጀመር ግን ሁለቱ ተለያዩ። በ1984 ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ እንዲጠነቀቅ የሚያሳስበው ደረጃ ተፈጠረ። በ2013 በአንድ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚሁ ደረጃ በወጡ ታዋቂ ፊልሞች ውስጥ የጠመንጃ ጥቃት ከ1985 ወዲህ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨምሯል። ከዚህ ይበልጥ የሚገርመኝ የፍርድ ቤታቸው ነገር ነው። ካሊፎርኒያ ጭካኔ የበዛባቸውን የቪዲዮ ጨዋታዎች ለልጆች መሸጥን ብትከለክል፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 በ7 ለ2 ድምፅ ሕጉን ሻረው፤ የራቁት ገላ ምስልን ለልጅ መሸጥን መከልከል ግን በ1968 በሰጠው ፍርድ ተፈቅዶ የቆየ ነው። በልዩነት ከቆሙት ከሁለቱ ዳኞች አንዱ ስቴፈን ብሬየር ነበሩ፤ ለ13 ዓመት ልጅ የእርቃን ሴት ፎቶ መሸጥ ተከልክሎ፣ ያንኑ ልጅ ሴት አስሮ የሚያሠቃይበትን ጨዋታ መሸጥ የሚጠበቅ መብት እንዴት ይሆናል ብለው ጠይቀዋል። ይህን ሳነብ የታየኝ አክሽን ፊልሙን የሚልክልን ሀገር፣ ከእማማ ጋር አንድ ሪሞት መያዙ ነው። ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል ደግሞ ስዊድን አለች፤ ከ1911 እስከ 2011 በቆየው የፊልም ምርመራ መሥሪያ ቤቷ በኋለኞቹ አሥርት ዓመታት አብልጦ የሚቆረጠው የጭካኔ ትዕይንት ነበር።

የስዊድንን ሚዛን እንዳለ አምጥተን እንትከል አልልም። በእኛ ሀገር ወላጅ ስለ ሴት ልጁ የሚፈራው ነገር ባዶ ፍርሃት አይደለም። ያላሰበችው እርግዝና ትምህርቷን ያስቆማታል፣ ስሟን ያጠፋዋል፣ ወንዱን ግን ማንም አይጠይቀውም። የልጇ ሕይወት በአንድ ስህተት ሲበላሽ ያየች እናት ሪሞቱን ብታነሣ አልፈርድባትም። ሆኖም ሪሞቱ ልጅቷን አይጠብቃትም። ቻናሉ ከተቀየረ በኋላ ስለተቀየረው ነገር የሚናገራት ሰው ከሌለ፣ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ስልኳን ትጠይቃለች። ስልኩ የሚያሳያት ደግሞ እማማ የከለከሉትን ለስለስ ያለ የፍቅር ትዕይንት አይደለም፤ ፍቅር የሌለበትን፣ ሴቲቱ የምትዋረድበትን ነው። ያኔ ገላና ጭካኔ አንድ ላይ ተደባልቀው ይደርሷታል፣ የሚለይላት ሰውም አጠገቧ የለም። ለወንድሟም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ስለ እሱ የሚጨነቅ ሰው ስለሌለ የባሰ ነው።

ይህ የተዛባ ሚዛን በቁጥርም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 63 በመቶ የሚሆኑት፣ ምግብ ማሳረርን ወይም ሳይነግሩ ከቤት መውጣትን ከመሳሰሉ ምክንያቶች ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ብለዋል፤ ከወንዶቹ እንዲህ ያሉት 28 በመቶ ነበሩ። ይህን ያመጣው ፊልም ነው አልልም፣ ከፊልም በፊትም ዱላ ነበረ። ነገር ግን ዱላን የኑሮ አካል፣ መተቃቀፍን ነውር አድርጎ የሚያይ ዓይን በየሳሎኑ በየማታው እንደሚሠለጥን ይታየኛል።

በሕንፃችን የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ይህን በቅርብ አይቼዋለሁ። ከቀረቡት አጀንዳዎች መካከል ከውኃና ከጥበቃ ክፍያ ቀጥሎ የነበረው፣ ማታ ማታ ደረጃ ላይ ተቃቅፈው የሚቀመጡ ወጣቶች ጉዳይ ነበር። ሰው ሁሉ ተናገረበት፤ አንድ ጋሼ «ልጆቻችን በዚያ በኩል ማለፍ አቃታቸው» ብለው በእውነተኛ ቁጭት ተናገሩ፣ አምፑል እንዲጨመርም ተወሰነ። ከሦስተኛው ፎቅ በየጊዜው የሚሰማውን የሴት ጩኸት ግን ስብሰባው ላይ የነበርን ሁሉ እናውቀዋለን። ሌሊት በዚያ ጩኸት የነቃ ልጅ እናቱን «ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቃት «ተኛ፣ የባልና ሚስት ጉዳይ ነው» ትለዋለች። ሁለቱም ድምፆች ከደረጃው ላይ እኩል ይሰማሉ፣ አጀንዳ የሆነው ግን አንዱ ነው።

ስለ ጨዋታም ልናገር፣ ምክንያቱም ዛሬ ለወንዶች ልጆች ዋናው መዝናኛ ከፊልም ይልቅ ጌም ሆኗል። ከሕንፃችን ሥር ካሉት ሱቆች በአንዱ ጌም ቤት አለ፤ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ልጆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ኳስ የሚጫወቱ አሉ፣ ተኩስ የሚጫወቱም አሉ። ጌም ልጅን ነፍሰ ገዳይ ያደርጋል የሚለውን ስብከት አልደግምም፤ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳስታወቀው ከጨዋታው ጋር የተያያዘው እንደ መጮህና መገፍተር ያለ መለስተኛ ቁጡነት ነው፣ ከከባድ ወንጀል ጋር የሚያገናኘው ማስረጃ በቂ አይደለም። እኔ የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። የ9 ዓመት ልጅ በጨዋታው ውስጥ ተንበርክኮ የሚለምንን ሰው ጭንቅላቱን ሲመታው ጓደኞቹ በደስታ ሲጮኹ፣ ከዚያ የሚያልፍ አዋቂ ቢያንስ ቆም ብሎ «ይኼ ሰው ምን አደረገህ?» ብሎ ቢጠይቀው ምን ይጎዳናል? ባለቤቱን አነጋግሬው ነበር። ጨዋ ልጅ ነው። «እትዬ፣ ወላጆች መጥተው የሚጠይቁኝ ብልግና አለ ወይ ብለው ነው፤ እሱን ደግሞ ፈጽሞ አላስገባም። ስለ ተኩሱ የጠየቀኝ ሰው እርስዎ ነዎት» አለኝ።

ሕጋችን በዚህ ረገድ ከእኛ ይሻላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆችን ስለመጠበቅ በሚናገርበት ድንጋጌው፣ የልጆችን የወሲብ ስሜት ያለ አግባብ የሚቀሰቅሱ ነገሮችንና የዓመፅ መንፈስን የሚያነሣሡ ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው የሚከለክለው። ሁለቱን እኩል ለማየት አዲስ ባህል ከባሕር ማዶ ማምጣት አያስፈልገንም። ሕግ ግን ሳሎን ድረስ አይገባም፤ ሳሎን ውስጥ ያለነው እኛ ነን።

እኔ በራሴ ቤት የእኅቴ ልጆች ሲመጡ የማደርገው እንዲህ ነው። የማይመጥናቸው የገላ ትዕይንት ሲመጣ እቀይረዋለሁ፣ ሰው የሚሠቃይበት ትዕይንት ሲመጣም እቀይረዋለሁ፣ ሁለቱንም የቀየርኩበትን ምክንያት እነግራቸዋለሁ። የመጀመሪያውን «ይህ የሁለት ሰዎች የግላቸው ነገር ነው፣ ሲደርስ የሚያምር ነገር ነው» እላቸዋለሁ፤ ሁለተኛውን «ሰው እንዲህ ሲሆን ለመዝናናት ማየት ነውር ነው» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ትልቁ ተቃወመኝ፣ አሁንም አንዳንዴ ይቃወመኛል፤ ኳስና ቀልድ ብቻ ልናይ ነው ወይ ይለኛል። ጦርነትን በእውነት የሚያሳይ፣ የሞተው ሰው ስም ያለው፣ እናቱ የምታለቅስለት ፊልም ሲገኝ ግን አብረን ቁጭ ብለን እናያለን፣ ከዚያም እናወራለን። ከባድ ነገር አይታይ ማለቴ እንዳልሆነ ከዚህ ተረድቶታል።

ለሚቀጥለው የሕንፃችን ስብሰባ ደግሞ ሁለት አጀንዳ አስመዝግቤያለሁ። አንዱ የተኩስ ጨዋታዎች ትንንሾቹ ልጆች ከትምህርት ቤት በሚመለሱበት ሰዓት እንዳይከፈቱ የሚል ነው፤ የጌም ቤቱ ባለቤት ወላጆች ከተስማሙ እሺ ብሏል። ሁለተኛው የሦስተኛው ፎቅ ጉዳይ ነው። ጸሐፊዋ ሁለተኛውን ስትጽፍ እስክሪብቶዋን ይዛ ትንሽ ቆየችና «እትዬ፣ ይኼን ምን ብዬ ልጻፈው?» አለችኝ። እኔም «ደረጃው ላይ ስለሚቀመጡት ልጆች እንደጻፍሽው በግልጽ ጻፊው» አልኳት፤ ጻፈችው።